ሮዱ ይተኛል፣ ሰውዬው ይቀመጣል

ኦሃዮ ባሕር የለውም ብሎ ያስተማራችሁ ሰው ካለ ስልኩን ስጡኝ፤ የምነግረው አለኝ። ባሕር ባይኖረው ማዕበል አለው። ከኮሎምበስ ወደ ሰሜን ሁለት ሰዓት ያህል ስትነዱ ኤሪ የሚባል ሐይቅ ታገኛላችሁ። እኔ ሐይቅ ሲሉኝ ሐዋሳን ነበር ያሰብኩት፤ ጠፍጣፋ፣ ጨዋ፣ ዳር ዳሩን እየዞርክ ፎቶ የምትነሳበት። ይሄኛው ግን ሐይቅ መሆኑን የነገረው ሰው የለም። ንፋስ ሲነሳ ደረት የሚያክል ውሃ እየተንከባለለ ይመጣና አሸዋው ላይ ይከሰከሳል። ይመለሳል። ደግሞ ይመጣል። ልክ እንደ እኛ ዌርሃውስ ሱፐርቫይዘር፤ ምንም ሳታደርገው ነው የሚመጣብህ።

እና አንተ እዚያ ምን ትሠራ ነበር ትሉኛላችሁ። ሚስት ፍለጋ ነዋ። ሌላ ሰው ሚስት ሲፈልግ ሱፍ ይለብሳል፤ እኔ ላይፍ ጃኬት ለበስኩ።

ቤዛ የምትባል ልጅ አለች። ኮሎምበስ ዳር ሂሊያርድ የሚባል ሰፈር ከቤተሰቦቿ ጋር ነው የምትኖረው፤ እዚሁ ያደገች፣ አማርኛዋ ግማሽ መንገድ ላይ ወደ እንግሊዝኛ የሚታጠፍባት። ትወደኛለች። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም፤ ሰው የተከፈተለትን በር ለምን ተከፈትክ አይለውም። ችግሩ አባቷ ናቸው፣ ጋሼ ይልማ።

ከጋሼ ይልማ ጋር የተዋወቅነው ሞርስ ሮድ የሚባለው መንገድ ላይ፣ አንድ የሐበሻ ግሮሰሪ ፓርኪንግ ውስጥ ነው። ከሺፍት ወጥቼ ዓይኔ ቀልቷል። ከፊቴ አንድ መኪና ሁለት ቦታ መሃል ቆሞ አልገባም አልወጣም ይላል። ጥሩምባውን ለቀቅኩበት። አልሰማ ሲለኝ መስኮቱን ዝቅ አድርጌ፣ አንተ ሽማግሌ፣ ወይ ንዳው ወይ ሽጠው አልኩ። ሰውዬው ቀስ ብለው ዞረው አዩኝ። ብቻ አዩኝ፤ እንዲህ ፀጥ ብሎ የሚያይ ሰው ደግሞ እጅግ አድርጎ ያናድደኛል፤ ብትሰድበኝ እኮ መልስ አለኝ። ከጎናቸው የተቀመጠችው ልጅ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ቤዛ ነበረች።

ከዚያ ወዲህ ሂሊያርድ ውስጥ ስሜ ጠፋ። "ያ ለሰው የማይነሳው" ሆንኩ። እሳቸው ናቸው ያወጡልኝ። እስቲ ፍረዱኝ፤ መኪና ውስጥ፣ ቀበቶ ታስሬ፣ እንዴት አድርጌ ነው የምነሳላቸው?

እንዲህ ያለ አባት ዘንድ ደግሞ ራስህ አትሄድም፤ ሽማግሌ ትልካለህ። ሽማግሌ ሁሉ እኩል አይደለም። ሚነርቫ ፓርክ ሰፈር ጋሼ ተፈራ የሚባሉ አሉ፤ ድሮ ታክሲ ይነዱ የነበሩ፣ አሁን ጡረታ ወጥተው ዓሣ የሚያጠምዱ፣ ለጋሼ ይልማም የቆዩ ወዳጅ። ልጅ ጠይቀው ባዶ እጃቸውን የተመለሱበት ቤት የለም ይባላል። ምስጢሩ ቀላል ነው። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አልቀመጥም ይላል፤ ወጉ ነው። ሌሎቹ ሽማግሌዎች "ኧረ አረፍ በሉ" ሲባሉ ጉልበታቸው ቶሎ ይሸነፋል፤ ሦስተኛው ልመና ላይ ሶፋው ውስጥ ናቸው። ጋሼ ተፈራ ግን እንደ መብራት ምሰሶ ነው የሚቆሙት። አባትየው በነገሩ ባይሸነፍ እንኳ ቀና ብሎ እያየ አንገቱ ሲያመው ይሸነፋል።

ሄድኩላቸው። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና፣ ለማላውቀው ልጅ አፌን አላውስም፣ ቅዳሜ ዓሣ እንሄዳለን አሉ። ሰው ሳሎን ውስጥ ጨዋ ነው፤ ውሃ ላይ ነው የሚታወቀው ባይ ናቸው። ዓሣ ትችላለህ ወይ ብለው ጠየቁኝ። እችላለሁ አልኩ። መብላት ማለቴ ነበር።

ያን ሳምንት በየዕረፍቱ ቪዲዮ ሳይ ከረምኩ። አንድ ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰውዬ ካያክ ላይ ቁጭ ብሎ ይስቃል። ካያክ ማለት የአንድ ሰው ጠባብ ጀልባ ነው፤ ሰፋ ያለ የልብስ ሳፋ ብትሉትም አልጣላችሁም። ከሰውዬው ወንበር ጀርባ ስድስት ሮድ በየመሰኪያው ተሰክቶ እንደ አንቴና ቆሟል። ሮድ የምላችሁ ማጥመጃ ዘንጉን ነው፤ እዚህ አገር ማንም ዘንግ አይለውም። ሰውዬው ከነሮዱ ንጉሥ ይመስላል። ከበስተኋላው ያለው ውሃ እንደ መስታወት መተኛቱን አላስተዋልኩም። አሥረኛ ክፍል ላይ ያቋረጠ ሰው ከኋላ ያለውን ነገር አያይም፤ የሚያብረቀርቀውን ነው የሚያየው።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱን ካያኮች በጋሼ ተፈራ ፒክአፕ ጭነን ወጣን። ቤዛ ገና ሃይዌይ ሳንገባ ቴክስት አደረገችኝ፦ "ፕሊስ ከጋሼ ጋር አትከራከር። ጀስት ሊስን አድርግ።" አዳመጥኩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አዳመጥኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ተቀጥቼ አላውቅም።

መጀመሪያ ያስተዋወቁኝ ከሮዳቸው ጋር ነው። እትዬ ትባላለች። በሟች አማታቸው ነው የሰየሟት፤ ቀጭን፣ ሲጫኗቸው የሚጎብጡ፣ ግን የማይሰበሩ ሴትዮ ነበሩ አሉኝ። ለማንም አውሰዋት አያውቁም። ዛሬ ለአንተ ነው የምሰጣት ሲሉኝ፣ እኔ ደግሞ ለሮድ አንቺ ይባል አንቱ ግራ ገባኝ። እትዬ ጫፏ ላይ አንድ የፕላስቲክ ዓሣ ተንጠልጥሏል፤ ሆዱም ጅራቱም ላይ ሦስት ሦስት ጥርስ ያለው መንጠቆ አለው። ይህንን የሚያለብሱበት ደግሞ የልጅ ልጃቸው አሮጌ ሮዝ ካልሲ ነው። ካልሲውን እንደ ጽላት በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

"ስማኝ," አሉ። "ማዕበል ባለበት ስትገባም ስትወጣም ሕጉ አንድ ነው። ሮዱ ይተኛል። መንጠቆው ይሸፈናል። ሰውዬው ይቀመጣል።"

እሺ አልኩና ስለሚያሳስበኝ ጠየቅኳቸው፤ ጋሼ ይልማን ድንገት ባገኛቸው ምን ልበል? ምንም አትበል አሉኝ። አፍህ ነው ያጠፋህ፣ በእግርህ ካስ። የትም ይሁን የት ስታየው ብድግ በል። ቤተ ክርስቲያን በለው፣ ግሮሰሪ በለው፣ አጥንት እየጋጥክም ቢሆን ብድግ። በቃ።

ይሄንን እንግዲህ በደንብ ያዙልኝ፤ የሰው ልጅ ሁለት ትክክለኛ ምክር በአንድ መኪና ውስጥ ከተሰጠው ሊሰምጥ ይችላል።

ሐይቁ ደረስን። ንፋስ አለ። ማዕበሉ ተሰልፎ ይመጣል። ጋሼ ተፈራ የራሳቸውን ካያክ ሲያሰናዱ እኔ እትዬን ከጀርባዬ መሰኪያው ላይ ቀጥ አድርጌ አቆምኳት። ይተኛል ተብያለሁ፣ አዎ። ግን ለቤዛ ፎቶ መላክ ፈልጌያለሁ፤ የተኛ ሮድ ደግሞ ፎቶ ላይ አይወጣም። ፎቶውን ልኬ አስተኛታለሁ ብዬ ነው። "ኦኬ ካፕቴን" አለችኝ። ካፒቴን ስባል እትዬን ማስተኛቱን ረሳሁት።

ከዚያ አንድ ሌላ ነገር መጣ። ጋሼ ተፈራ ማዕበሉን ያያሉ፤ ሁለት ሦስት ትልልቁ ካለፈ በኋላ ትንሽ ጋብ ይላል፣ የዚያን ጊዜ ነው መቅዘፍ። ጋብ ሲል፣ ሂድ አሉኝ። እኔ ደግሞ፣ ሰውዬው ሽማግሌዬ ናቸው፣ ጨዋነቴን ሊመዝኑ ነው ያመጡኝ፣ እንዴት ብዬ ነው የምቀድማቸው? ኧረ ይቅደሙ አልኩ። ሂድ እንጂ አሉ። በማርያም፣ እርስዎ እያሉ አልኩ። ኧረ ሂድ ልጄ አሉ። አይሆንም ጋሼ፣ ነውር ነው አልኩ። ሆቴል በር ላይ ቢሆን ኖሮ በምግባሬ ባለቀሱ። ማዕበል ግን ይቅደሙ አያውቅም። መጣና እኔንም ካያኩንም አንድ ላይ አንስቶ ገለበጠን።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ የቆመ ሮድ ካያክ ሲገለበጥ የሚሆነው ምሰሶ ነው። እትዬ አናቷ አሸዋው ላይ ተተክሎ፣ ካያኩ ከላይ ሊጫናት ሲል ጋሼ ተፈራ እንደ ሃያ ዓመት ልጅ ዘለው ነጠቋት። እኔን አልነጠቁኝም። እኔ በራሴ ነው የወጣሁት፣ አፌ አሸዋ ሞልቶ፤ ምናልባት ለዓመታት አፌን ሊዘጋ የቻለ የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው። ሳሳል ዞር ብለው አላዩኝም። የመጠጥ ውሃቸውን የእትዬ ሲባጎ መጠቅለያ ላይ እያፈሰሱ አሸዋውን ያጥባሉ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ይቅርታ እየጠየቋት ነበር። ከዚያ ያለ ቁጣ፣ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ "ውሃ ዳር ይሉኝታ የለም" አሉኝ። "የቆመ ሮድ ደግሞ ዳግም ባይ፣ ሂሊያርድን እርሳው።"

እልህ ያዘኝ። ይተኛል አይደል? እንዳይነሳ አድርጌ አስተኛታለሁ። በዚህ በኩል እኔን የሚችለኝ የለም። ትምህርት ካቋረጥኩ በኋላ መርካቶ አይሱዙ ላይ ጭነት አስር ነበር፤ የኔ ቋጠሮ ደሴ ደርሶ አራጋፊው እናቴን እየረገመ ነው የሚፈታው። ከፒክአፑ ላይ ገመድ አመጣሁና እትዬን ካያኩ ሆድ ላይ በቁመቷ አጋድሜ ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች ጠፈርኳት። ካልሲዋንም አለበስኳት። ጋሼ ተፈራ አይተው፣ ማሰሪያው እንኳ አንድ ይበቃ ነበር አሉ። እኔ አልሰማሁም፣ በእግሬ እየረገጥኩ እያጠበቅኩ ነው።

በዚህኛው ሂድ ሲሉኝ ሄድኩ። ማዕበሉ ደረቴን መታኝ፣ ፊቴን መታኝ፣ አለፍኩት። ከዚያ ወዲያ ውሃው ይወዛወዛል እንጂ አይሰበርም። እትዬ ንቅንቅ አላለችም። ኮራሁ። ከዚያ ዓሣ ላጠምድ ገመዱን ልፈታ ብሞክር፣ ንቅንቅ አላለችም።

ገመድ ሲርስ ይጠብቃል። ይሄንን መርካቶ አላወቅኩም፤ ዝናብ ሲመጣ ሸራ እናለብስ ነበራ። በጣቴ ሞከርኩ፣ በጥፍሬ ሞከርኩ፣ ጎንበስ ብዬ በጥርሴ ያዝኩት። ጋሼ ተፈራ እዚያ ማዶ አንድ ዓሣ አወጡ። ሌላ አወጡ። ቢላ አላቸው፤ ወገባቸው ላይ ይታየኛል። ስጡኝ ማለት ግን ሞት ነው። ምነው አልጀመርክም ብለው ጮክ ብለው ሲጠይቁኝ፣ ቦታ እያጠናሁ ነው አልኩ፣ ገመድ በአፌ ይዤ። ከእግሬ በታች ዓሣው እየዞረ የሚስቅ መሰለኝ። በመጨረሻ በቤቴ ቁልፍ ጥርስ ቆፍሬ ቆፍሬ ፈታሁት።

ካልሲውን አውልቄ ኪሴ ከተትኩ፤ ወረወርኩ፤ እመኑም አትመኑም፣ እትዬ ጎበጠች። ትጎብጣለች እንጂ አትሰበርም የተባለውን ያኔ አየሁ። የወጣው ዎልአይ የሚሉት ዓይነ ፈጣጣ ዓሣ ነው፤ እንደ ሱፐርቫይዘሬ ያፈጣል፣ ይሄኛው ግን ቢያንስ ዝም ይላል። ጋሼ ተፈራ ከማዶ ኮፍያቸውን አነሱልኝ። ዓለም የኔ ሆነች። ሂሊያርድ የኔ ሆነች።

ወደ ዳር ስንመለስ እሳቸው ቀደሙ፤ አልተከራከርኩም። ማዕበል ጠብቀው ወጡ፣ እግራቸው እንኳ በቅጡ የረጠበ አልመሰለኝም። ተራው የኔ ነው። እትዬን አስተኛኋት። መልሼ ጠፈርኳት። ካልሲዋን ላለብስ እጄን ኪሴ ሰድጄ ቀና ስል ዳር ላይ፣ ከጋሼ ተፈራ አጠገብ፣ አንድ ሰው ታጣፊ ወንበር ዘርግተው ተቀምጠዋል። ሌላ ባዶ ወንበር ከጎናቸው አለ። ኮፍያ አድርገዋል፣ ፊታቸው አይታይም። ግን ቀስ ብለው ዞረው ያዩኛል። ያንን አስተያየት በጨለማም አውቀዋለሁ።

ጋሼ ተፈራ ለካ "በድንገት" እንድንገናኝ ጠርተዋቸዋል።

እዚህ ላይ ፍትሕ ካለ፣ መጪው እኔ ነኝ፤ ለመጪ ነው የሚነሳው። በደንቡ ከሄድን መነሳት የነበረባቸው እሳቸው ናቸው። ይሄንን ሁሉ ግን ጭንቅላቴ ያሰበው በኋላ ነው። እግሬ ቀድሞ ሰማ። የትም ይሁን የት ብድግ በል ተብያለኋ። ጋሼ ተፈራ ከዳር መዳፋቸውን ወደ ታች እየደበደቡ ተቀመጥ ተቀመጥ ሲሉኝ እያየሁ፣ እኔ ካያኩ ላይ ብድግ አልኩ። ብድግ ብቻ አይደለም፤ ኮፍያዬን አውልቄ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ኖር አልኩ።

ከኋላዬ የመጣውን ማዕበል አላየሁትም። ከኋላ ያለውን እንደማላይ ነግሬያችኋለሁ።

ስለተፈጠረው ብዙም አላውቅም። ሰማይ አየሁ፣ አሸዋ አየሁ፣ ዎልአዩ በአየር ላይ አልፎኝ ወደ አገሩ ሲመለስ አየሁ። ነገሩ ሲረጋ ጋሼ ይልማ እግር ሥር ነኝ፤ ካያኩ አጠገቤ፣ እትዬ ሆዱ ላይ ተጠፍራ ንቅንቅ ሳትል።

ጋሼ ይልማ ከወንበራቸው ላይ ሆነው፣ ረጋ ብለው፣ "በእግዜር" አሉ።

ልነሳ ስል አንድ ነገር ከኋላ ያዘኝ። ውስጤ የገባውን ሳላይ አወቅኩት። ካልሲ ሳይለብስ የቀረው መንጠቆ ሱሪዬን አልፎ መቀመጫዬ ላይ ተተክሏል፤ ሲባጎው ከእትዬ ጋር፣ እትዬ ከካያኩ ጋር፣ ካያኩን ደግሞ ሐይቁ እየጎተተው ነው። ማዕበሉ በተመለሰ ቁጥር ኤሪ ሐይቅ በቂጤ ይጠራኛል። እንደምንም ቆምኩ። ፊቴን ጨዋ አስመሰልኩ።

"ተቀመጥ," አሉኝ ባዶውን ወንበር እያሳዩ።

"ቆሜ ይሻለኛል ጋሼ።"

"በጣም ረጥበሃል፣ ተቀመጥ እንጂ።"

"እርስዎ ፊት አልቀመጥም," አልኩ። ድምፄ የተንቀጠቀጠው ማዕበሉ ተመልሶ ስለነበር ነው።

ጋሼ ይልማ አዩኝ። የፓርኪንጉ ልጅ፣ ለሰው የማይነሳው፣ ውሃ እየተንጠባጠበ አልቀመጥም ይላቸዋል። ጋሼ ተፈራ ደግሞ ሲባጎውን አይተዋል። ለዚህ ነው ያን ሁሉ ቤት ያሸነፉት። አንድም ጡንቻ ፊታቸው ላይ ሳይነቃነቅ መጥተው ከጎኔ ቆሙ፣ አንድ እጃቸውን ከጀርባዬ አደረጉ፣ ለሚያይ የሚያጽናኑኝ ይመስላሉ። ቢላው ሲባጎውን ብጥስ አደረገው።

"እኔም አልቀመጥም ይልማ," አሉ። "ጉዳይ ይዘን ነው የመጣነው። ልጅህን ቤዛን ለዚህ ልጃችን ብለን ነው።"

አሸዋ ላይ፣ ያለ ሱፍ፣ ዓሣ ዓሣ እየሸተትን። ጋሼ ይልማ ሐይቁን አዩ፣ ካያኩን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ፣ ልጅ ውሃ ዳር አይሰጥም፣ እሑድ ቤት ኑ አሉ። ወንበራቸውን አጣጥፈው ሄዱ።

መንጠቆውን አስቸኳይ ክሊኒክ ነው ያወጡልኝ። የተረፈውን ጤነኛ ወገን ደግሞ ቴታነስ ብለው ወጉት፤ ስለዚህ እሑድ ሂሊያርድ ስንደርስ ግራም ቀኝም አልነበረኝም። ኑ የተባልነው ሁለታችንም ስለሆንን እኔም አብሬ ነኝ፤ ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጨምረን ነበር። ወጉ ደረሰ፤ አረፍ በሉ፣ አናርፍም። እነዚያ ሁለቱ እንደ ልማዳቸው ሦስተኛው ልመና ላይ ተቀመጡ። ጋሼ ተፈራ ቆመው ቀሩ። እኔም በሩ አጠገብ ቆሜ ቀረሁ። የቤዛ እናት፣ ይሄ ልጅ እንዴት ያለ ጨዋ ነው እያሉ ለጎረቤታቸው ያንሾካሹካሉ። ቤዛ ከኩሽና ብቅ ብላ ዓይኗን አፍጥጣ ታየኛለች፤ "ዋት ኢዝ ሮንግ ዊዝ ዩ" ማለቷ ነው፣ በዓይኗ።

እሺ ተባለ። እልልታውም ቀለጠ። በዚያ ጫጫታ መሃል ጋሼ ይልማ ተነስተው ወደ እኔ መጡ። እጃቸውን ኪሳቸው ከተው አንድ ነገር አወጡና እጄ ላይ አደረጉ። ሮዝ ናት፣ ትንሽ ናት፣ አሸዋ አለባት። ካልሲዋ። አሸዋው ላይ ስወድቅ ከኪሴ ወጥታ እግራቸው ሥር አግኝተዋታል።

ለካ ከጋሼ ተፈራ ጋር እሳቸውም ዓሣ ሲያጠምዱ ነው የኖሩት። መንጠቆ እንዴት ያለ ቦታ እንደሚገባ ከኔ በፊት ያውቃሉ።

"ሮዱ?" አሉኝ ጎንበስ ብለው።

"ይተኛል," አልኩ።

"መንጠቆው?"

"ይሸፈናል።"

"ሰውዬው?"

እጄን ወደ ኋላዬ ሰደድኩ። ጋሼ ይልማ ወንበር ሳቡልኝ፤ ወደ ኩሽና ዞረው፣ "ቤዛ," አሉ፣ "ትራስ አምጪለት።"

ተቀመጥኩ። አመመኝ። አልተነሳሁም።